የስኳር በሽታ ያለባቸው ልጆችና ታዳጊዎች ዓይን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅ ስኳር አለበት ሲባል የወላጅ ሐሳብ መጀመሪያ ወደ መርፌው ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ዘመድ «ስኳር እኮ ዓይን ያጠፋል» ይላል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። እዚህ የተሰበሰቡት ወላጆችና ታዳጊዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ የራሳችሁን ሐኪም አይተኩም። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ያሳያሉ።

ልጄ ዓይኑ ይጠፋል ማለት ነው?

አይደለም። ስኳር ያለበት ልጅ ገና በልጅነቱ ዓይኑን ማጣቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሰው የሚያወራው አብዛኛውን ጊዜ ስኳሩ ለብዙ ዓመት ሳይስተካከል ስለቆየ ትልቅ ሰው ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብንል ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። እስከ 1922 እ.ኤ.አ. ድረስ ዓይነት 1 ስኳር (ሰውነት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን ራሱ ማምረት የሚያቆምበት ዓይነት) የያዘው ልጅ በሕይወት ብዙም አይቆይም ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ወር ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ለስኳር ሕመሙ ኢንሱሊን በመርፌ የተሰጠው የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ማደግ፣ መጎርመስ፣ ወልደው መሳም ጀመሩ። የዓይን ጉዳት ትልቅ ጉዳይ ሆኖ የመጣውም ያኔ ነው። ለመድረስ ዓመታት የሚወስድ ችግር ነዋ! ዓመታት መውሰዱ ደግሞ ለእኛ ጥሩ ነው፤ ጉዳቱ ሳይገፋ ለመያዝ ጊዜ ይሰጠናል።

ስኳር ዓይንን የሚጎዳው እንዴት ነው?

የዓይንን ጀርባ ከውስጥ በኩል የሸፈነ ስስ ነገር አለ፤ ሬቲና ይባላል። ብርሃን ተቀብሎ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልከው እሱ ነው። በውስጡ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ያልፋሉ። ስኳር ከፍ እንዳለ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የሥሮቹ ግድግዳ ይደክማል። መጀመሪያ እዚህም እዚያም ጥቃቅን እብጠት ያወጣል። ቀጥሎ ደምና ፈሳሽ ማንጠባጠብ ይጀምራል። አንዳንዱም ሥር ይደፈናል። ደም የተቋረጠበት የሬቲና ክፍል አዲስ ሥር እንዲበቅልለት በኬሚካል ጥሪ ያሰማል። የሚበቅሉት ሥሮች ግን ልፍስፍስና ቶሎ የሚደሙ ናቸው። ዓይን የሚያጠፋው ደረጃ ይሄ ነው። ከመጀመሪያዋ ነጥብ እስከዚህ ያለው ሁሉ ዲያቤቲክ ሬቲኖፓቲ ይባላል።

ልጆችና ታዳጊዎች ላይ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ጥቂት ቀያይ ነጥቦች ይታያሉ፣ በቃ። ከጉርምስና በፊት ደግሞ ጭራሹኑ ብዙም አይገኝም።

ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ ብዥ ይልበታል። መነጽር እናሠራለት?

ቆይ፣ አትቸኩሉ። ይሄ ወላጅን በጣም ከሚያስደነግጡት ነገሮች አንዱ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ከሬቲና ጋር ግንኙነት የለውም።

ነገሩ ያለው ሌንሱ ላይ ነው። ሌንስ ዓይናችን ውስጥ ብርሃንን የሚያነጣጥርልን ክፍል ነው። የደም ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል ሌንሱ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይመጥጣል፣ ይለቃልም። ያን ጊዜ ቅርጹ ይቀየራል፤ ቅርጹ ሲቀየር ዕይታው ይቀየራል። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ በከረመበት ጊዜ ሩቁ ብዥ ይላል። ኢንሱሊን ተጀምሮ ስኳሩ ቶሎ ሲወርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ይመጣል። ልጁ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጥርት አድርጎ ያነባል፤ እጁ ላይ ያለውን ደብተር ግን ከዓይኑ ራቅ፣ ጠጋ እያደረገ ይታገላል። እናት ይህን አይታ «መድኃኒቱ ነው ዓይኑን ያበላሸው» ብትል አይፈረድባትም። ኢንሱሊኑ ግን ምንም አላጠፋም። ሌንሱ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው።

ስኳሩ ከተረጋጋ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይስተካከላል። በዚህ መሃል የተሠራ መነጽር ወር ሳይሞላው የማይሆን ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ ማባከን ነው። ለመምህሩ ነገሩን አስረዱት፣ ልጁም በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነገር እንዲያነብ አድርጉ። ስኳሩ ተረጋግቶ ብዥታው ካልለቀቀ፣ ወይም አንዱ ዓይን ከሌላው በግልጽ ከተለየ ግን የዓይን ሐኪም ማየት አለበት። የሚቀጥለውን ጥያቄ ያመጣውም ይሄ ነው።

የዓይን ሞራ የሽማግሌ በሽታ አይደለም እንዴ?

በአብዛኛው ነው። ግን ስኳር ባለባቸው ልጆችም አልፎ አልፎ ይወጣል። ከሬቲና ጉዳት የሚለየው ዓመታት የማይጠብቅ መሆኑ ነው። ስኳሩ ሲታወቅ አብሮ ሊገኝ ወይም በወራት ውስጥ ሊከተል ይችላል። ይበልጥ የሚያጋጥመው ውሃ ጥሙ፣ ሽንት መመላለሱና ክሳቱ ለብዙ ጊዜ ቆይቶ፣ ሳይታወቅለት ዘግይቶ የመጣ ልጅ ነው። ለዚህ ነው ዓይነት 1 ስኳር አዲስ የተገኘበት ልጅ ሌንሱ ገና ከመጀመሪያው ቢታይ ጥሩ ነው የሚባለው።

ምልክቱ ዕይታ መደብዘዝ ነው። ፀሐይ ወይም የመኪና መብራት ሲመጣበት ማጥበርበር፣ አንዳንዴም ብሌኑ መሃል ነጣ ያለ ነገር መታየትም አለ። ዕይታን ካወከ በቀዶ ሕክምና ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ፤ ሰው ሠራሹ ሌንስ እንደ ተፈጥሮው ሩቅና ቅርብ እያለ አይለዋወጥም። ስለዚህ ልጁ ለንባብ መነጽር ያስፈልገዋል። ይሄን ሳይነገራቸው ቀርቶ «ኦፕራሲዮኑ አልተሳካም» ብለው የሚያዝኑ ወላጆች አሉ።

የሬቲና ምርመራው መቼ ይጀመር?

እንደ ስኳሩ ዓይነት ይለያያል።

ዓይነት 1 ከሆነ የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መመሪያ እንዲህ ይላል፦ ሕመሙ ከታወቀ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆነው ልጅ፣ ዕድሜው 11 ከሞላ ወይም ጉርምስና ከጀመረ የመጀመሪያውን ምርመራ ያድርግ። ከሁለቱ የቀደመው ይያዛል። ደህና ከሆነ ቀጣዩ በየ2 ዓመቱ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ጥሪው የሚጀምረው ከ12 ዓመት ነው። አገራት በቁጥሩ ትንሽ ቢለያዩም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ጉርምስና ሳያመልጥ።

ዓይነት 2 (ሰውነት ለኢንሱሊን በደንብ የማይመልስበት ዓይነት) ከሆነ መጠበቅ የለም። ሕመሙ እንደታወቀ ወዲያው ይመረመራል፣ ከዚያ በየዓመቱ። ምክንያቱም ዓይነት 2 ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። የታወቀበት ቀን የጀመረበት ቀን ላይሆን ይችላል።

ሐኪማችሁ ከዚህ አጠር ያለ ቀጠሮ ከሰጣችሁ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። ጠይቁት።

ልጄ እኮ እንደ ንስር ነው የሚያየው። ለምን እናመላልሰው?

ምርመራው የሚያስፈልገው እኮ ለዚሁ ነው። የሬቲና ጉዳት አያምም፣ አያሳክክም፣ ዓይን አያቀላም። ነጥቦቹ ዕይታ ከምናነጣጥርበት ከመሃሉ ውጪ እስካሉ ድረስ ልጁ የመጨረሻዋን የሰሌዳ ፊደል ሳይቀር ያነባል። መነጽር ቤት የሚደረገው የፊደል ንባብ ምርመራም ይህን አያገኘውም። ስለዚህ የቀጠሮው ጌታ ካላንደሩ ነው። «ሲያመው እንወስደዋለን» ለጉንፋን ይሠራል፣ ለሬቲና አይሠራም።

ምርመራው ምን ይመስላል? ያማል?

አያምም፤ ጠብታው ግን ትንሽ ያቃጥላል። ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት። «ምንም አይሰማህም» ተብሎ የገባ ልጅ ሁለተኛውን ጠብታ አያስነካም።

መጀመሪያ ፊደል ያነባል። ከዚያ ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግለታል። ጥቂት ሰከንድ ይቆጠቁጠዋል፣ እንባው ይፈሳል፣ ያልፋል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቀመጣል። በዚህ መሃል ስልኩን ያወጣና ግራ ይገባዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይታየዋል፣ እጁ ላይ ያለው መልእክት ግን አይነበብለትም። ጠብታው ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ አገጩን መደገፊያው ላይ አድርጎ መብራቱን ያያል፤ ሐኪሙ ብሌኑን አሳልፎ ጀርባውን ይመለከታል። አንዳንድ ቦታ ጀርባው በካሜራ ፎቶ ይነሳል፤ ብልጭታው ለቅጽበት ያደነግዛል እንጂ ጉዳት የለውም። ፎቶውን አሳዩን በሉ። ልጁ የራሱን ሬቲና፣ ያንን ብርቱካንማ ክብና ቅርንጫፍ የሠሩ ሥሮች ሲያይ ነገሩ የሐኪም ወሬ መሆኑ ይቀርና የራሱ ጉዳይ ይሆናል። ከብዙ ምክር ይበልጣል ባይ ነኝ።

የቅርብ ዕይታው እንደ ጠብታው ዓይነት ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ብዥ እንዳለ ይቆያል። ብርሃንም ያስቸግረዋል። የፀሐይ መነጽር ወይም ኮፍያ ያዙ። በፈተና ቀን ዋዜማ ቀጠሮ አትያዙ። መኪና የሚነዳ ታዳጊ ከሆነ በዚያን ቀን መሪ አይጨብጥም።

ጉርምስና ሲመጣ ለምን ይባባሳል?

ግማሹ የተፈጥሮ ነው። የጉርምስና ሆርሞኖች ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን መልስ ይቀንሳሉ። ትናንት ይበቃ የነበረው መጠን ዛሬ አይበቃም። ልጁ ምንም ሳያጠፋ የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ (ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር በመቶኛ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከፍ ሊል ይችላል። ወላጅ ይህን ሳያውቅ «ተደብቀህ ጣፋጭ በልተሃል» ብሎ ሲቆጣ ልጁ ቁጥሩን መደበቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ቁጥር ማግኘት ከባድ ነው።

ሌላው ግማሽ ኑሮው ነው። ጓደኛ ፊት መርፌ መውጋት ያሳፍራል። ምርመራው ይሰለቻል። ስለ ሲጋራም ዝም ማለት አይቻልም፤ የደም ሥርን ከስኳር ጋር ተባብሮ ነው የሚጎዳው። በተለይ ግን አንድ ነገር በግልጽ መነሳት አለበት። አንዳንድ ታዳጊዎች፣ ይበልጥ ሴቶች፣ ለመክሳት ብለው ኢንሱሊን ሆን ብለው ይቀንሳሉ ወይም ይዘላሉ። ክብደታቸው ይወርዳል፣ የስኳር ቁጥራቸው ይሰቀላል፣ ዓይናቸውም ቀድሞ ይጎዳል። ሕይወትንም አደጋ ላይ ይጥላል። ይሄ የአመጋገብ ሥርዓት ሕመም ነው፤ መፍትሔው ቁጣ አይደለም። የሥነ ልቦና እርዳታ ያስፈልገዋል።

«ዓይንህ ይጠፋል» እያሉ ማስፈራራትም አይሠራም። የ14 ዓመት ልጅ 40 ዓመቱን አስቦ ዛሬ መርፌ አይወጋም። ይልቅ በሚቀጥለው ምርመራ ውጤቱን አብራችሁ እዩት።

ስኳሩን ማስተካከል የምር ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፣ ያውም ብዙ። ከ1983 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው 1,441 ሰዎች የተሳተፉበት ዲሲሲቲ የተባለ ጥናት ተካሂዷል። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 39 ነበር። ስኳራቸው በጥብቅ ክትትል የተያዘላቸው ሰዎች አዲስ የሬቲና ጉዳት የመያዝ ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀነሰ። ታዳጊዎቹ ለብቻ ሲታዩ ቅነሳው ግማሽ ገደማ ነበር። እነሱ ቁጥራቸውን እንደ ትልልቆቹ ዝቅ ማድረግ አልቻሉም፤ እንዲያም ሆኖ በጣም ጠቅሟቸዋል። ይሄን የምጠቅሰው ፍጹም ቁጥር ለማያመጡ ልጆች ወላጆች ነው። የሦስት ወሩ ውጤት ከ10 በመቶ ወደ 8 በመቶ መውረዱ ራሱ ለዓይን ትልቅ ነገር ነው።

ጥናቱ ካለቀ በኋላም ሰዎቹ ለዓመታት ሲከታተሉ ቆይተዋል። የሁለቱ ቡድኖች የስኳር መጠን ተቀራርቦ እንኳ ቀድሞ በደንብ የተያዙት ዓይናቸው የተሻለ ሆኖ ቀጠለ። ጥሩ የተያዙ ዓመታት ከንቱ አይቀሩም።

የሚፈለገው የሦስት ወር ውጤት ለብዙ ልጆች ከ7 በመቶ በታች ነው። ስኳሩ በተደጋጋሚ የሚወድቅበት ልጅ ግን ከሐኪሙ ጋር የተለየ ግብ ሊኖረው ይችላል። የደም ግፊትና የደም ቅባትም መታየት አለባቸው፤ የሬቲናን ሥር የሚያስጨንቀው ስኳር ብቻ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለረጅም ጊዜ በጣም ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በአጭር ጊዜ ሲወርድ፣ ቀድሞ የነበረ የሬቲና ጉዳት ለጊዜው ሊባባስ ይችላል። ይህ ማለት ስኳሩን አታስተካክሉ ማለት አይደለም። ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ዓይኑ ይታይ ማለት ነው።

ዓይነት 2 ይቀላል ይባላል። እውነት ነው?

በልጆች ላይ አይቀልም። መርፌ ላያስፈልገው ስለሚችል ሰው ቀለል አድርጎ ያየዋል። አሜሪካ ውስጥ በወጣትነታቸው ዓይነት 2 የያዛቸውን ሰዎች የተከታተለና ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ሕመሙ ከታወቀ በአማካይ 13 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከግማሾቹ ያላነሱት የሬቲና ጉዳት ተገኝቶባቸዋል። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ እኮ ናቸው! የየዓመቱ ቀጠሮ ጥብቅ የሆነው ለዚህ ነው።

«ሬቲናው ላይ የሆነ ነገር አለ» ተባልን። አሁንስ?

መጀመሪያ ደረጃውን ጠይቁ። ጥቂት ነጥቦች ብቻ ከሆኑ ዓይን ላይ የሚደረግ ነገር የለም። ቀጠሮው ይቀራረባል፣ ስኳሩና ግፊቱ ይስተካከላሉ። ነጥቦቹ ባሉበት ሊቆሙ፣ እንዲያውም ሊጠፉ ይችላሉ።

አጥርተን የምናይበት የሬቲና መሃል ካበጠ ወይም አዲስ ሥር መብቀል ከጀመረ ግን ሕክምና አለ። ሌዘር አዳዲሶቹ ሥሮች እንዲከስሙ ያደርጋል። ሥር የሚያበቅለውን ኬሚካል የሚያግድ መድኃኒትም በመርፌ ዓይን ውስጥ ይሰጣል። ሲሰሙት ይሰቀጥጣል፤ ግን ዓይኑ ደንዝዞ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነገር ነው። ደም ዓይን ውስጥ ከፈሰሰና ካልጠራ ወይም ሬቲናው ከተሳበ ቀዶ ሕክምና አለ። ልጆች ወደነዚህ የሚደርሱት ከስንት አንዴ ነው።

ድንገት ብዥ ካለበት ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ስኳሩን ለኩ። ስኳር ሲወድቅ ዓይን ብዥ ይላል፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ላብና መንቀጥቀጥም ይመጣል። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ቶሎ የሚሠራ ስኳር ስጡት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ስኳሩ ሲመለስ ዕይታውም ይመለሳል።

በሚከተሉት ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፦ አንድ ዓይን ድንገት ከጨለመ፣ ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ክር መሳይ ነገር ፊቱ ላይ ከተንሳፈፈበት፣ ብልጭታ ካየ፣ ከጎን መጋረጃ የወረደበት ከመሰለው፣ ወይም ዓይኑ ቀልቶ በጣም ካመመው።

ስልክ ነው? ካሮት ይረዳል? ጠብታ ከፋርማሲ ብንገዛስ?

ስልክ የስኳር የሬቲና ጉዳት አያመጣም። ዓይን ያደክማል፣ ያደርቃል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ካሮት ምግብ ነው፣ የደም ሥር አይጠግንም። ቫይታሚኑም እንደዚያው። ጠብታ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ። ስቴሮይድ ያለው ጠብታ ለረጅም ጊዜ ከተደረገ ራሱ ሞራና ከፍተኛ የዓይን ግፊት ያመጣል።

ኳስ መጫወት ይችላል?

ይችላል፣ ይጫወት። አዲስ ሥር በቅሎ ገና ያልታከመ ከሆነ ብቻ ክብደት ማንሳትንና ትንፋሽ ይዞ ማማጥን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይተው።

ሬቲናው ደህና ነው ተባለ፤ ዕይታው ግን እየቀነሰ ነው። ምን ሊሆን ይችላል?

ተራ የመነጽር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ስኳር ያለበት ልጅም እንደማንኛውም ልጅ ሩቅ ማየት ሊያቅተው ይችላል። ሁለቱም ዓይኖች በመነጽር የማይሻሻሉ ከሆነና ቀለም መለየትም ካቃተው ግን ዎልፍራም ሲንድረም የሚባል ብርቅ የሆነ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ይታሰባል። ስኳሩ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ 10 ዓመት ሳይሞላው ይጀምርና ቀጥሎ የዓይን ነርቭ ይደክማል። አንዳንዶቹ ጆሯቸው ይከብዳል፣ ስኳሩ ተስተካክሎ ሳለም ሽንት ይበዛባቸዋል። የዘረመል ምርመራ ይለየዋል።

18 ሊሞላው ነው፤ ከልጆች ሐኪም ሊወጣ ነው። ምን እናዘጋጅ?

ብዙ ወጣቶች ከክትትል የሚጠፉት በዚህ ጊዜ ነው። ቀጠሮ የሚያስታውሰው እናት ነበረች፣ አሁን ግን እሱ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። የመጨረሻውን የሬቲና ውጤትና ካለም ፎቶውን ቅጂ ይዞ ይሂድ፤ አዲሱ ሐኪም ከቀድሞው ጋር ያነጻጽረዋል። የሚቀጥለውን ምርመራ ቀን ራሱ ስልኩ ላይ ይመዝግብ። ሴት ከሆነች አንድ ነገር ይጨመራል፦ እርግዝና የሬቲናን ጉዳት ሊያባብስ ስለሚችል፣ ለማርገዝ ከማሰቧ በፊትና ካረገዘች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዓይኗ መታየት አለበት።